ክፉ ክፉውን ንገሩኝ

ሆስፒታሉ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር። «ሃሎ» ነው የሚሏት። ከወጣትነቷ ጀምራ ስልክ ማዞሪያው ላይ ተቀምጣ «ሃሎ፣ ማንን ላገናኝዎ?» ስትል የኖረች ሴት ሌላ ምን ትባል! ዋናው ሐኪምም በር ጠባቂውም ሃሎ ይሏታል፤ እሷም ወዬ ትላለች።

ጆሮዋ ጉድ ነበር። ሰው በስልክ «ደህና ነኝ» ሲል እውነቱን መሆን አለመሆኑን ከትንፋሹ ታውቃለች። ፊት ለፊት ሲያወሯት ግን እንደ ሕፃን ናት፤ ጥርሱን ያሳያትን ሁሉ ታምናለች። ሁለት ዓይን ተሰጥቷት ያዋለቻቸው ለማልቀስና ለመሳቅ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ነገር አይሟላለትም፤ ምን ይደረግ።

አንድ ማለዳ ዳይሬክተሩ አስጠሯትና ማዞሪያው ሊዘጋ ነው አሏት። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ክፍል በየራሱ ስልክ ይደዋወላል። ለእሷ መዝገብ ቤት ቦታ ተይዞላታል። መዝገብ ቤት ማለት ምድር ቤት ያለ፣ መስኮት የሌለው፣ ከወረቀት በቀር የሚያናግር ፍጡር የማይገኝበት ክፍል ነው። ሲያወራ ለኖረ ሰው ከነነፍሱ መቀበር ነው። «እሺ ጌታዬ» ብላ ወጣችና ኮሪደሩ ላይ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

መሐንዲሷ ያገኘቻት እዚያ ነው። ይህች መሐንዲስ የሆስፒታሉን ግንባታና እድሳት ስትመራ የቆየች፣ ስትራመድ ነፋስ የምታስነሳ ሴት ናት። የተሻለ ሥራ አግኝታ ልትሄድ ዕቃዋን ካርቶን ውስጥ እየከተተች ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ? ማን ሞተ?»

«ስልኩ» አለች ሃሎ።

ነገሩን ስትሰማ መሐንዲሷ ካርቶኑን መሬት ላይ አኖረችው። «ለምን የእኔን ቦታ አትጠይቂም?»

«እኔ? በየትኛው ምሕንድስናዬ?»

«መሐንዲስማ ሞልቷል። የጠፋው የሚያገናኛቸው ሰው ነው። ቧንቧ ሠራተኛው ግንበኛውን ይጠብቃል፣ ግንበኛው አሸዋ ይጠብቃል፣ አሸዋው ሹፌሩን ይጠብቃል፣ ሹፌሩ ደግሞ የሚደውልለት ሰው ይጠብቃል። በመሀል ሁሉም ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። ፕሮጀክት ማናጀር ማለት ማን ማንን እንደሚጠብቅ የሚያውቅ ሰው ነው። ስትሠሪው የኖርሽው ይኸንኑ አይደለም?»

እንዲህ ብላ ብቻ አልሄደችም። ዳይሬክተሩ ዘንድ ገብታ ተከራከረችላት። እስክትለቅም ድረስ ከሥራ ሲወጡ አጠገቧ አስቀምጣ ሥራው በምን ቅደም ተከተል እንደሚያዝ፣ ሰንጠረዥ እንዴት እንደሚሣል፣ የደረሰው በአረንጓዴ፣ የዘገየው በቀይ እንደሚቀለም አስተማረቻት። ሃሎ እስከ ዛሬ ይህችን ሴት ሳትመርቃት አታድርም። ሰው ቦታውን ለቆ ሲሄድ በሩን ዘግቶ ነው የሚሄደው፤ ይህች ግን ከፍታ ሄደች።

ዳይሬክተሩም መነጽራቸውን ወልውለው ወልውለው ሲያበቁ የሙከራ ሥራ ሰጧት። አሮጌው ልብስ ማጠቢያ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ግድግዳው ያበጠ ቤት ነው፤ ሊፈርስ ተወስኗል። ማሽኖቹ ፊት ለፊቱ ወደሚሠራው አዲስ ቤት ይዛወራሉ። አዲሱ ሳይጀምር አሮጌው ቢፈርስ በሽተኛ አንሶላ ያጣል።

«አንድ አልጋ ያለ ንጹሕ አንሶላ ካደረ መዝገብ ቤት ይጠብቅሻል» አሏት። «ካላደረ ማናጀርነቱ ያንቺ ነው።»

ማታ ለእህቷ ነገረቻት። ታላቅ እህቷ የዚያው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ናት፤ ሃሎን ያሳደገችም እሷ ናት፤ ዛሬም ሁለቱ የሚኖሩት አንድ ቤት ነው። ሰፊ ትከሻ፣ ከትከሻዋ የሰፋ ድምፅ ያላት ሴት።

«ፕሮጀክት ማናጀር!» አለች እህቷ፣ ቃሉን አፏ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች እያገላበጠች። «የራሳችን ጓዳ በር ማጠፊያው ከወለቀ ስንት ጊዜው? እሱን ሳታሠሪ የሰው ቤት ልታሠሪ?»

«እትዬ ደግሞ! ደስ አላለሽም?»

«ምኑ ደስ ይለኛል? ሲሳቅብሽ አልወድም።»

ጠዋት ሃሎ ስትነሳ ግን ወንበሩ ላይ ኮቷ ተተኩሶ፣ የወለቀው ቁልፍ ተተክሎ ጠበቃት። «ማናጀር ተጨማድዳ አትወጣም» አለች እህቷ ከጓዳ፣ ፊቷን ሳታሳይ። የዚህች ሴት ፍቅር እንዲህ ነው፤ በአፏ ትገፋሃለች፣ በእጇ ትደግፍሃለች።

ሥራው ተጀመረ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ቧንቧ ሠራተኛው፣ ጠና ያሉ፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ሰው፣ «ልጄ፣ የመጣው ቧንቧ ቀጭን ነው፤ ይቀየር» ሲሏት የሃሎ ፊት አመድ መሰለ። የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና አለቀሰች። ቧንቧው በማግስቱ ተቀየረ፤ እንባውን ግን ሰው ሁሉ አይቶታል። እህቷም አይታለች።

ሃሎ ዞር ስትል እህቷ ወገቧን ይዛ መሀል ቆመች። ሃሎ ይህን የሰማችው ኋላ ነው።

«ስሙኝ እናንተ! ይህች ልጅ ልቧ ስስ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ክፉ ነገር ካለ ለእኔ ይነገር። ለእሷ ደህና ደህናውን ብቻ። ክፉ ወሬ ይዞ እሷ ዘንድ የሄደ ሰው የሥራ ልብሱን በገዛ እጁ ይጠብ!»

የሁሉም የሥራ ልብስ የሚታጠበው በእሷ ክፍል ነው። ሳቁ፤ ግን ገባቸው። ደግሞስ እውነቱን እንናገርና፣ ሃሎን የማይወድ ማን አለ? ስንቱን ሲጨንቀው ከሚስቱ፣ ስንቱን ከታመመ ልጁ ጋር ያገናኘች ሴት ናት። ማን ያስለቅሳታል!

ከዚያ በኋላ የሃሎ ስብሰባ እንደ ሰርግ ቤት ሆነ። «ወለሉስ?» ስትል ግንበኛው «ደርሷል!» ይላል። «መብራቱስ?» «አልቋል በይው!» ይላል የመብራት ሠራተኛው፣ ገና ሽቦው ሳይመጣ። ጋሼማ «ቧንቧውን ተዪው፣ ውሃው ራሱ ቸኩሏል» ብለው ያስቋታል። ሃሎ ሰንጠረዡን አረንጓዴ ቀባችው፤ ግድግዳው ላይ የሣር ሜዳ መሰለ። ለዳይሬክተሩም አፏን ሞልታ «ሁሉም በጊዜው ነው» አለች። ማታ ማታ ደግሞ እህቷን «እትዬ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች የት ይገኛሉ? ምን ባደርግላቸው ይሻለኛል?» ትላታለች።

«እንዴታ» ትላለች እህቷ፣ ድስቱን እያማሰለች፣ ቀና ሳትል።

ታዲያ አሮጌው ቤት ሊፈርስ ሳምንት ሲቀረው ጋሼ ወለሉን ለመሞከር አንድ በርሜል ውሃ ደፉ። ውሃው ወደ መውረጃው መሄዱን ትቶ ዞሮ ወደ ማሽኖቹ ቦታ መጣና እዚያው ተኛ። ግንበኛው ተዳፋቱን ገልብጦ ኖሯል የሠራው። ወለሉን ሰብሮ እንደገና ከመሥራት በቀር መላ የለውም። ግንበኛው ራሱን ያዘ፤ ጋሼ ባዶውን በርሜል እንደያዙ ውሃው ውስጥ ቆሙ። ከዚያ ሁሉም ወደ እህትየዋ ዞሩ።

«ስበሩት» አለች። «ለእሷ እንዳትነግሩ። ከመጣች ወለሉ ቀለም ተቀብቷል በሏት። እናደርሰዋለን። ካልደረሰም እኔና ሴቶቼ በእጃችን እናጥባለን። ከማሽን በፊት አንሶላ አይታጠብም ነበር?»

በሽተኛ የሞላበትን ሆስፒታል በእጅ ሊያጥቡ! ፍቅር ሰውን እንዲህ ያጃጅላል።

ሃሎም መጣች። በሩ ላይ ላስቲክ ተጋርዷል። «ቀለም ነው፣ እንዳትረግጪ!» አሏት። «ወይኔ፣ እንዳላበላሽባችሁ!» ብላ በጣቷ ጫፍ ተመለሰች። ነገሩ ቀልድ ቢሆን ያስቅ ነበር።

በማግስቱ ወደ ማዞሪያው ወጣች። የቀድሞ ባልደረባዋ ምሳ እስክትበላ ልትይዝላት ነው፤ ማዞሪያው ለመዘጋት ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ስታደርግ ወደ ቤቷ የገባች ያህል ተሰማት። እንደው እጇን በላት፤ አዲሱ ማጠቢያ ውስጥ የተተከለው ስልክ መሥራቱን ልትሞክር ደወለች። ጋሼ አነሱት።

«ሃሎ፣ ጋሼ፣ እኔ ነኝ። እንዴት ነው ሥራው?»

«ደህና ነው ልጄ፤ ሁሉም ደህና ነው።»

ሃሎ ዓይኗን ጨፈነች። ሰውየው ከመናገራቸው በፊት አየር ስበው ነበር። ያንን ትንፋሽ ታውቀዋለች። ከቀዶ ሕክምና ክፍል ደውለው ቤተሰብን «ደህና ነው፣ ብቻ ኑ» የሚሉ ሰዎች እንደዚያ ነው የሚተነፍሱት። ከኋላቸው ደግሞ ድም ድም ይላል።

«ምንድነው የሚደበደበው?»

«የቱ? እ... ሬዲዮ ነው።»

«ጋሼ፣ ሬዲዮ ሲሚንቶ ይሰብራል?»

«ልጄ፣ እኔ መዋሸት አላውቅበትም» አሉ። «ነይና እዪው።»

ባልደረባዋ እስክትመለስ ወንበሩ እሾህ ሆነባት። ስትመለስላት ሮጠች። ላስቲኩን ገልጣ ስትገባ ወለሉ የታረሰ ማሳ መስሏል። ግንበኛው መዶሻውን እንዳነሳ ቀረ። መሀል ላይ እህቷ ቀሚሷን ወደ ላይ ሸብ አድርጋ፣ የሲሚንቶ ስብርባሪ በባልዲ ተሸክማ፣ ፊቷ ሁሉ አቧራ ሆኖ ቆማለች።

«እትዬ?»

«ቀለም ተቀብቷል አልተባልሽም?» አለች እህቷ።

ማንም አልሳቀም።

«ለዳይሬክተሩ ደርሷል ብያቸዋለሁ» አለች ሃሎ። «በአፌ። ትናንት። አፍራሾቹ ቅዳሜ ይመጣሉ።»

«እናደርሰዋለን አልኩ እኮ! ለምን መጣሽ? ማን ነገራት? እርስዎ ነዎት ጋሼ? ሱሪዎን ራስዎ ያጥቡ!»

«እሳቸውን ተዪያቸው። አንቺ ነሽ ያስደበቅሽኝ?»

«አዎ እኔ ነኝ!» እህቷ ባልዲውን ጣለችው። «ምን ላድርግ? በቧንቧ ያለቀስሽ በወለል ምን ልትሆኚ ነው? ክፉ ነገር ስትሰሚ አላውቅም እንዴ ፊትሽን? እናታችን ያረፈች ጊዜ 'ሐኪም ቤት ናት፣ ትመጣለች' እያልኩ ክረምቱን ሙሉ ያቆየሁሽ እኔ አይደለሁም? ያኔ የልጅ ሳቅሽን አተረፍኩልሽ። ዛሬም ላተርፍልሽ ነው!»

ሃሎ የዚያን ክረምት ታስታውሰዋለች። በሩ በተንኳኳ ቁጥር እናቷ መስላት ትሮጥ ነበር። እህቷ ይህንን አታውቅም፤ ሃሎም ነግራት አታውቅም። እዚያ የተሰበረ ወለል ላይ ቆማ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረቻት።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ያን ክረምት ሙሉ በር ስከፍት ነው የከረምኩት። ከነገርሽኝ ቀን ይልቅ የሚከፋው እሱ ነበር።»

እህቷ ጎንበስ ብላ የጣለችውን ባልዲ አቃናችው። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ሃሎ እንባዋ መጥቷል። መምጣቱንስ መጣ፤ እንባ ፈቃድ አይጠይቅም። ግን አልተቀመጠችም። እያለቀሰች ግንበኛውን ጠየቀችው።

«ሳትሳቀቅ ንገረኝ። ወለሉ ማሽን የሚችለው መቼ ነው?»

ግንበኛው ወደ እህትየዋ አየ።

«ንገራት» አለች እህቷ ቀስ ብላ። «ክፉውን ንገራት።»

«ለቅዳሜ አይደርስም» አለ። «ቢጣደፍ እንኳ ሳይደርቅ ማሽን ቢቀመጥበት ይሰነጠቃል። ከቅዳሜ በኋላ ሌላ ሳምንት ይፈልጋል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እትዬን አትቆጪያት።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ሃሎ። እንባዋን ጠረገችና ቀጥ ብላ ወደ ዳይሬክተሩ ሄደች። እህቷ «አትንገሪያቸው! መዝገብ ቤት ይከቱሻል!» እያለች እስከ ደረጃው ተከትላታለች።

ዳይሬክተሩ ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ትናንት ሁሉም በጊዜው ነው አላልሽኝም?»

«ብያለሁ ጌታዬ። ተሳስቻለሁ። ዛሬ የማውቀው ይኸው ነው።»

«ማን ነው ያጠፋው?»

«ሥራው የእኔ ነው፤ ጥፋቱም ወደ እኔ ይምጣ። አሁን የምለምንዎ አሮጌው ቤት ለአንድ ሳምንት እንዳይፈርስ ብቻ ነው። አፍራሾቹን እኔ አናግራለሁ።»

ሰውየው ተቆጡ። ተነስተው ክፍሉን ዞሩት። ለበላዮቻቸው ምን ሊሉ እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚስቅባቸው ተናገሩ። ሃሎ ቆማ ሰማች። አላለቀሰችም፤ ያለቀሰችውን አልቅሳለች። ሲደክማቸው ተቀመጡ።

«ቃሌ ቃሌ ነው» አሉ። «አንሶላ ያጣ አልጋ ካየሁ መዝገብ ቤት ነሽ። ሂጂ፣ ደውዪ።»

ወደ ማዞሪያው ወጥታ የአፍራሾቹን አለቃ አገኘችው። ድምፁ ሻካራ ነው፤ መጀመሪያ አይሆንም አለ። ሃሎ ግን ከኋላው የሕፃን ሳል ሰማች። «ልጅዎን ሐኪም አይቶታል?» አለችው። ሰውየው «አንቺ ማነሽ?» አለ። ልጁን በማግስቱ ይዞት መጣ፤ ሃሎም ከሕፃናት ሐኪሙ ጋር አገናኘችው። ይህን ለውለታ ብላ አላደረገችውም፤ ልማዷ ነው። ሰውየውም የማፍረሻ ማሽኑን ለዚያ ሳምንት ወደ ሌላ ቦታ ላከው፤ አሮጌው ቤትም ተረፈ።

ከዚያ ስብሰባ ጠራች። ሰንጠረዡን ከግድግዳው አወረደችው።

«ዛሬ ደህና ነገር ያለው ሰው ይያዘው» አለች። «ክፉ ክፉውን ንገሩኝ።»

የመብራት ሠራተኛው ጫማውን አየ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጠርገው ተዉት። ለብዙ ጊዜ ሲያሞግስ የኖረ ምላስ እንዲህ በአንድ ጠዋት አይፈታም።

በመጨረሻ ከኋላ አንድ ሰፊ ድምፅ ተነሳ። እህቷ ናት።

«ትልቁ ማድረቂያ በአዲሱ በር አይገባም።»

«ምን?»

«በሩ ጠባብ ነው። በክንዴ ለክቼዋለሁ። ካወቅሁ ቆየሁ።»

የሃሎ ፊት አመድ ሲመስል ሁሉም አዩ፤ ግንበኛው የሲሚንቶ ከረጢቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገላት፣ እንድትቀመጥ። እሷ ግን አልተቀመጠችም።

«ተባረኪ እትዬ» አለች። «ከልቤ ነው። ሌላ ያለው?»

ያን ጊዜ ነው ቤቱ በሳቅ የፈረሰው። ከሳቁ በኋላ ወሬው ጎረፈ። ሽቦው ገና አልመጣም። የውሃው መቆለፊያ ያፈሳል። የበሩ ቁልፍ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሃሎ እያንዳንዱን ሰምታ «እግዜር ይስጥልኝ» እያለች ማን ማንን እንደሚጠብቅ ስትጠይቅ፣ ከሰዎቹ ትከሻ ላይ አንድ ነገር ሲወርድ ይታይ ነበር። ክፉ ነገር ደብቆ መያዝ ከባልዲ ይከብዳል። በሩ ሰፋ፣ ሽቦው መጣ፣ ወለሉም ደረቀ።

አዲሱ ማጠቢያ ዘግይቶ ሥራ ጀመረ፤ መዘግየቱን ግን አስቀድሞ ሁሉም ያውቅ ነበር። በዚያ ቀን ዳይሬክተሩ በየክፍሉ እየገቡ አልጋ ገለጡ። አንዲት በሽተኛ «ምን ጠፍቶብዎት ነው?» እስክትላቸው ድረስ ገለጡ። አንሶላ የሌለው አልጋ አላገኙም።

ኮሪደሩ ላይ ሃሎን አገኟት። «ቀጥሎ የማዋለጃው ክፍል ጣሪያ አለ» አሏት። «መቼ ይደርሳል?»

«አላውቅም ጌታዬ። ሠሪዎቹን ጠይቄ ከነችግሩ እነግርዎታለሁ።»

ሳቅ እንዳይታይባቸው መነጽራቸውን ወለወሉ። «ይህን ቶሎ ብለሽ ብትማሪው ኖሮ» አሉና ሄዱ። ሹመት ማለት ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር የጠበቀ ይጠብቅ።

ሃሎ ወደ ማጠቢያው ወረደች። ጋሼን አመሰገነች፣ ግንበኛውን አመሰገነች፣ ለመሐንዲሷ ደውላ አመሰገነች። እህቷ ከአዲሱ ማሽን ፊት ቆማ ትኩሱን አንሶላ ታጥፋለች። ሃሎ ሌላውን ጫፍ ያዘችላትና ፊት ለፊት ሆነው አጠፉት።

«ማናጀር አንሶላ ታጥፋለች?» አለች እህቷ።

«ታጥፋለች። እንዴት ነው አዲሱ ቤት?»

«ደህና ነው።»

ሃሎ አንሶላውን እንደያዘች ጠበቀች። እህቷ ቀና ብላ አየቻትና በረዥሙ ተነፈሰች።

«ወገቤን ያመኛል» አለች። «ከርሟል። ሌሊት አያስተኛኝም። አልነገርኩሽም።»

ማሽኑ ይሽከረከራል። ሃሎ አንሶላውን ከእህቷ እጅ ወስዳ አስቀመጠችው፤ ክንዷንም ያዘቻት።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አለች። «በይ ነይ፣ ሐኪሙ ሳይወጣ እንድረስበት።»